‹ይቆረጣል› ተብሎ የሚጨመር በጀት

ግንቦት ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ጠንክሯል። በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ተቀምጬ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ከየክፍሉ እሰበስባለሁ። የጋራዡ ኃላፊ ገቡ። ሁላችንም «ሐጂ» ነው የምንላቸው። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። የመጀመሪያው መስመር «ጎማ፣ 58» ይላል።

የዕቃ ግምጃ ቤቱን ካርድ አይቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት የወጣው 40 ነው። መኪና አልጨመርንም። መንገዱም ያው ነው፤ በባቲ ወርዶ ሚሌ፣ ከሚሌ ጅቡቲ።

«ሐጂ፣ 58 ጎማ ምን ያደርግልናል?» አልኳቸው።

«አንተ ጻፈው ልጄ» አሉኝ። «ሥራ አስኪያጁ ቆርጠው 40 ያደርጉታል።»

እንዳሉትም ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ዓመት ከሁሉም ክፍል 30 በመቶ ቀነሱ። ከ58 ላይ 30 በመቶ ሲነሳ 40 ከምናምን ይቀራል። ሐጂ ሂሳቡን ከእኔ ቀድመው ጨርሰውታል።

ሐጂን የማያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ለራሳቸው ሊያተርፉ ፈልገው ይመስለዋል። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ። ጋራዡ ውስጥ የወደቀ ብሎን አንስተው፣ በናፍታ አጥበው፣ መልሰው የሚያስሩ ሰው ናቸው። ከዚያ 18 ትርፍ ጎማ አንዱም ወደ ቤታቸው አይሄድም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ለምን የማያምንበትን ቁጥር ይጽፋል? ጥያቄው ለዓመታት አልለቀቀኝም። መልሱን ስፈልግ ነው ነገሩ የሐጂ ብቻ እንዳልሆነ፣ በአሜሪካም በጃፓንም ምሁራን ሲያጠኑት እንደኖሩ ያወቅሁት።

ነገሩ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በእኛ ቢሮዎች «የተለጠጠ ዕቅድ» ሲባል ጠንክሮ የሚያሠራ፣ አቅምን የሚፈትን ዕቅድ ማለት ነው። እኔ የማወራው ስለዚህ ተቃራኒ ነው። ወጪን ከሚያስፈልገው በላይ አብዝቶ፣ ገቢን ከሚጠበቀው በታች አሳንሶ ማቅረብ። ያበጠ በጀት እንበለው። የሽያጭ ክፍሉ 1,200 ጉዞ እንደሚያገኝ እያወቀ «1,000» ብሎ ያቅዳል። ዓመቱ ሲያልቅ «120 በመቶ ፈጸመ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ጋራዡ 40 እየበቃው 58 ይላል። ሁለቱም በጀቱ ውስጥ ለራሳቸው መተንፈሻ እየደበቁ ነው።

ይህ የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። የታችኛው ሰው ከላይኛው የበለጠ ማወቅ አለበት። የሚሌ መንገድ ሙቀት ስንት ጎማ እንደሚበላ የሚያውቁት ሐጂ እንጂ ሥራ አስኪያጁ አይደሉም። ደግሞ በጀቱ ሲወጣ ያ ሰው መጠየቅ አለበት፤ ካልተጠየቀማ የሚያሳብጠውም የለም። በመጨረሻ በዚያው ቁጥር የሚሸለም ወይም የሚወቀስ መሆን አለበት።

መሐመድ ኦንሲ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት የአሜሪካ ኩባንያ ኃላፊዎችን አነጋግረው ነበር። ከአምስቱ አራቱ ያህል በበጀታቸው ውስጥ መተንፈሻ ለማግኘት እንደሚከራከሩ በግልጽ ተናግረዋል። የሐርቫርዱ ማይክል ጄንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ነገሩን አጥብቀው ጻፉ። ጉርሻን ከበጀት ግብ ጋር ማሰር ሰው እንዲዋሽ መክፈል ነው የሚል ነው ክርክራቸው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን ይህ ብቻውን ሐጂን አያብራራልኝም። የእኛ ጋራዥ ጉርሻ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።

ባህል ምን አገባው?

ጌርት ሆፍስቴድ የተባሉት የሆላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 አይቢኤም ከተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኞች የተሰበሰበ ከ100 ሺህ በላይ መጠይቅ ይዘው አገሮችን አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ሥራ አገሮቹን በአራት መለኪያ አስቀመጧቸው። ለእኛ ጉዳይ ሦስቱ ይበቃሉ። የመጀመሪያው በአለቃና በምንዝር መካከል ያለውን ርቀት ሰው ምን ያህል ተቀብሎት ይኖራል የሚለው ነው። ሁለተኛው ሰው ራሱን የሚያየው ለብቻው ነው ወይስ ከወገኑ ጋር? ሦስተኛው የነገን አለማወቅ ምን ያህል ያስጨንቀዋል? አራተኛው ፉክክርንና መተሳሰብን የሚመዝን ነው፤ በበጀት ነገር ላይ ብዙም ስለማይነግረን እንለፈው።

ኢትዮጵያ በዚያ በ1980ው ሥራ አልነበረችበትም፤ ኋላ ስትጨመርም ለብቻዋ ቁጥር አልተሰጣትም። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብላ በአንድ ተጠቃላለች። በአለቃ ርቀት 64፣ ለብቻ በማሰብ 27 ተሰጥቶናል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ነገሩ በርትቷል ማለት ነው። አሜሪካ በቅደም ተከተል 40 እና 91 ናት። እንግዲህ ደሴንና ዳሬሰላምን በአንድ ቁጥር መግለጽ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አንባቢ ይፍረድ። እኔ ቁጥሩን እንደ ችቦ ነው የምይዘው። መንገድ ያሳየኛል እንጂ መንገዱ ራሱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሱሱሙ ኡዌኖ እና ኡማ ሴካራን ይህን መለኪያ ይዘው የአሜሪካና የጃፓን ኩባንያዎችን የበጀት አሠራር መረመሩ። በጀታቸውን አብዝተው የሚያሳብጡት አሜሪካኖቹ ሆነው ተገኙ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም በሆፍስቴድ መለኪያ የነገ ነገር አብዝቶ የሚያስጨንቃት ጃፓን ናት፤ 92 ናት፣ አሜሪካ 46። ሥጋት ብቻውን በጀትን የሚያሳብጥ ቢሆን ኖሮ ጃፓኖቹ በበለጡ ነበር። ልዩነቱን የተሻለ ያስረዳው ለብቻ የማሰብ ነገር ነው። አሜሪካዊው ኃላፊ ብቻውን ይለካል፣ ብቻውን ይሸለማል፣ ብቻውን ይባረራል። ስለዚህ ራሱን የሚከልልበት ቦታ ያበጃል። ጃፓናዊው ከቡድኑ ጋር ነው የሚቆመው ወይም የሚወድቀው።

እዚህ ላይ አንባቢ «እኛም እኮ አብረን የምንበላ፣ አብረን የምናለቅስ ሰዎች ነን፤ ቁጥራችን 27 ከሆነ እንደ ጃፓኖቹ ማሳበጥ አልነበረብንም» ሊል ይችላል። እኔንም ግራ ያጋባኝ ይኸው ነበር።

የሐጂ ሁለት ደብተር

መልሱን ያገኘሁት ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ ቅሬ ላይ ነው። ለወሎ ሰው ቅሬ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ለሌላው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው።

ያው ሐጂ የሰፈራቸው ቅሬ ገንዘብ ያዥ ናቸው። አንድ እሑድ የድንኳን መግዣ ሲመከር ነበርኩ። ሐጂ ተነሱ። ሸራው ይህን ያህል፣ ቋሚ ብረቱ 12፣ የብየዳ እጅ ዋጋ ይህን ያህል፣ ከደሴ ማስጫኛ ይህን ያህል። አንድም ትርፍ አልነበረውም። አንድ አባል «ሐጂ፣ ለማንኛውም ትንሽ ጨመር አድርገው ይያዙ» ቢላቸው «ካነሰኝ እናንተው አላችሁ፤ ምን ብዬ እጨምራለሁ» አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድንኳኑ ተተክሎ ታየ። የተረፈውን 340 ብር ቆጥረው ከደረሰኙ ጋር ሰው ሁሉ እያየ መለሱ።

አንድ ሰው ናቸው። አስተዳደጋቸው፣ ሃይማኖታቸው፣ አገራቸው አልተለወጠም። ቅሬው ላይ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ልክ ናቸው። ቢሮ ላይ 40ውን 58 ይላሉ።

ልዩነቱ «እናንተው አላችሁ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ቅሬው የእሳቸው ወገን ነው። ቢያንሳቸው ተመልሰው መጠየቅ ይችላሉ፤ ማንም «ቀድሞ ለምን አላሰብክበትም» ብሎ አያሳፍራቸውም። የወጣው ሁሉ በአደባባይ ይታያል። ቢሮ ውስጥ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ባዕድ ነው። የሐጂ ወገን ጋራዡ ነው፤ ስድስቱ መካኒኮች፣ ሁለቱ ብየዳ ሠራተኞች፣ ጎማ የሚቀይረው ልጅ። ጎማ አልቆ መኪና ቢቆም የሚወቀሱት እነሱ ናቸው። የትርፍ ሰዓት ቢቋረጥ የልጆቻቸው እራት ይነካል። ሐጂ 18 ጎማ ሲጨምሩ ለእነሱ አጥር እያጠሩ ነው።

ስለዚህ አብሮ የሚኖር ባህል በጀትን አያሳብጥም የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ጥያቄው «ወገኔ የምለው እስከ የት ድረስ ነው?» የሚለው ነው። ድርጅቱ በሙሉ ወገን ከሆነ ቁጥሩ እውነት ይሆናል። ወገንነቱ ክፍሉ በር ላይ ካበቃ ግን ያው መተሳሰብ በጀቱን ያሳብጠዋል። ያውም ያለ ጸጸት፤ የራስን ሰው መከላከል በእኛ ዘንድ ነውር አይደለማ።

የአለቃ ርቀትና ይሉኝታ

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብለን ያደግን ነን። በበጀት ስሚ ላይ፣ ማለትም ኃላፊው በጀቱን አለቃው ፊት በሚያስረዳበት ስብሰባ፣ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ «ይህ በዛ» ይላሉ። ኃላፊው አቀርቅሮ «እሺ» ይላል። «አይ፣ ከዚህ ከቀነሱት በየካቲት ሁለት መኪና ይቆማል» የሚል የለም። ክርክሩ በአፍ ስለማይቻል ኃላፊው አስቀድሞ ቁጥሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

የአለቃ ርቀት ግን ወደ ሁለት ወገን ይጎትታል። አለቃው በጀቱን ራሱ አውጥቶ ከላይ የሚያወርደው ከሆነ የታችኛው ሰው የሚያሳብጥበት ዕድል የለውም። የሚያሳብጠው ሲጠየቅ ነው፤ ተጠይቆም መከራከር ሳይችል ሲቀር ነው። «አሳታፊ በጀት» ብለን ቅጽ አድለን፣ ክርክሩን ግን ካልፈቀድን፣ ያገኘነው የእብጠት ማምረቻ ነው።

ከዚህም የሚከፋው ይሉኝታ ነው። ለዚህ ቃል በሆፍስቴድ መለኪያ ውስጥ ቦታ አላገኘሁለትም። ለእኔ ግን የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት እሱ ነው። በዓመቱ አጋማሽ ላይ «አነሰኝ፣ ይጨመርልኝ» ማለት በእኛ ቢሮ ሽንፈት ነው። ሰው ፊት መዋረድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ አብዝቶ መጠየቅ ግድ ይላል።

አለቃውም ይሉኝታ አለበት። የአንዱን ቆርጦ የሌላውን ቢተው «ያገሩን ልጅ አዳላ» ይባላል። ስለዚህ ከሁሉም እኩል ይቆርጣል። እኩል መቁረጥ ፍትሕ ይመስላል፤ ግን በእውነተኛው ሰው ላይ ነው የሚበረታው። ሐጂ ጎማቸውን 58 ባሉበት ዓመት የስምሪት ክፍሉ ኃላፊ አዲስ ልጅ ነበረች። ለስልክ፣ ለመንገድ ክፍያና ለሹፌሮች ውሎ አበል የሚያስፈልገውን ሳንቲም ሳይቀር ልክ ሠርታ አመጣች። ደረሰኝ ሁሉ አያይዛለች። እሷም ላይ 30 በመቶ ተቆረጠ። ሚያዝያ ላይ ውሎ አበሉ አለቀ። ሹፌሮች ከኪሳቸው እያወጡ ወረዱ። እሷ ደጅ ላይ ቆማ ስትለምናቸው ያየሁት ዛሬም ያሳዝነኛል። በሚቀጥለው ግንቦት የእሷ በጀት ከሁሉም በላይ አብጦ መጣ። ምንም አላልኳትም። ምን ብዬ?

እንዲህ እያለ ይባባሳል። ኃላፊው 30 በመቶ እንደሚቆረጥ ካወቀ 45 በመቶ ይጨምራል። አለቃው 45 እንደተጨመረ ሲገባው 40 ይቆርጣል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የማንም እውነት አይሆንም። ባቲ ገበያ ሰኞ ግመል ለመግዛት የሄደ ሰው የመጀመሪያው ዋጋ ዋጋ እንዳልሆነ ያውቃል። ግን እዚያ ሻጭና ገዢ ግመሏን ፊት ለፊት ያዩዋታል፤ ጥርሷን ይቆጥራሉ። እኛ ያላየነውን ግመል ነው የምንከራከርበት።

የነገ ሥጋት

ከላይ ሥጋት ብቻውን አያስረዳም ብያለሁ። ግን ከቁም ነገር አልጣልኩትም። በተለይ በእኛ አገር።

የወሎ ሰው «ለክፉ ቀን» ሲል የሚያወራው ስለ ተረት አይደለም። የ1966ቱን ረሃብ ያዩ፣ የ1977ቱን ደግሞ በልጅነታቸው ያለፉ ሰዎች አሁንም ኃላፊ ሆነው ይሠራሉ፣ ልጆቻቸውንም አሳድገዋል። ጎተራ ውስጥ የማይነካ እህል መተው ጥበብ ነው ተብሎ ነው ያደግነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በጀት ዓመቱ ከተጀመረ ገና 22ኛው ቀን ነበር። መለዋወጫው፣ ጎማው፣ ዘይቱ ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። በዚያ ዓመት በጀቱን ልክ አድርጎ የሠራ ኃላፊ ምን እንደደረሰበት መገመት አይከብድም።

ስለዚህ መጠባበቂያ መያዝ ጥፋት ነው አልልም። እንዲያውም ያስፈልጋል። ጥፋቱ መደበቁ ነው። የተደበቀ መጠባበቂያ የሚያገለግለው የደበቀውን ክፍል ብቻ ነው። ጋራዡ ውስጥ የማይፈለግ የጎማ ብር ተቀምጦ ስምሪት በውሎ አበል እጦት ይንገላታል። ድርጅቱ ለደመወዝ ከባንክ በወለድ ይበደራል፤ በየክፍሉ በጀት ውስጥ ግን ማንም የማያውቀው ብር አለ። ጨረታ ላይ ስንገባም ዋጋችንን የምናሰላው በዚያው ባበጠ ወጪ ነው፤ ውድ እንሆንና ሥራው ለሌላ ያልፋል። ሰኔ ሲደርስ ደግሞ «በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን» ተብሎ ይገዛል። አንድ ሰኔ ላይ ስድስት ጎማ ተገዝቶ ግምጃ ቤት ጥግ ተደርድሮ ያየሁት እንዲህ ነው። ቢመለስ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ይቀነሳላ!

እኛ የሞከርነው

ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ተቀየሩ። አዲሱ ሰው ስለ ባህል ጥናት ያነበቡ አይመስለኝም። ግን ያደረጉት ነገር ለእኔ ትምህርት ሆነኝ።

መጀመሪያ ቅጹን ለወጡት። ሐጂ በወረቀታቸው እንደሚያደርጉት፣ ሁላችሁም በብር ሳይሆን በቁጥር ጻፉ አሉ። ስንት ጎማ፣ ስንት ሊትር፣ ስንት ጉዞ። ዋጋውን ግዥ ክፍል ይሞላዋል። ብር ሲባል ማሳበጥ ቀላል ነው። «58 ጎማ» ሲባል ግን ከካርዱ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል።

ሁለተኛ፣ እኩል መቁረጥ ቀረ። የሚቆረጥ ካለ በየመስመሩ፣ ምክንያቱ ተጽፎ። ይህ ሥራ አበዛብን፤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጠናል። ይሉኝታውም ቀላል አልነበረም። አንድ ኃላፊ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነፍገውኝ ነበር።

ሦስተኛው ነው ትልቁ። «መጠባበቂያ» የሚል አንድ መስመር በግልጽ ተከፈተ፤ ለሁሉም ክፍል የጋራ። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይደለም። በየሦስት ወሩ ሁሉም ኃላፊዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ያነሰው ይናገራል፣ የተረፈው ይመልሳል። ያነሰው ሰው የሚናገረው ሁሉም በሚናገርበት ቀን ስለሆነ ብቻውን አይዋረድም። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቡና ተፈላ። አንድ ሰው ዙሪያውን አየና «ቅሬ አደረጋችሁት እኮ» አለ። ሐጂ ፈገግ አሉ።

የሽያጩን ነገር አልነካነውም። እዚያ ጉርሻ አለ፤ ጉርሻው አሁንም በዕቅድ አፈጻጸም ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ሽያጭ ክፍሉ አሁንም ዕቅዱን አሳንሶ ነው የሚያመጣው። ጉርሻው ከተገኘው ጉዞ ብዛት ጋር ብቻ ቢታሰር፣ ዕቅዱ ለትንበያ ብቻ ቢሆን ይሻላል ብዬ ጽፌ አስገብቻለሁ። መልስ አላገኘሁም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ሐጂ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ጎማ፣ 44። ከጎኑ በእርሳስ «40 እንደ አምናው፣ 4 የአፋር ሙቀት ከበረታ» ብለው ጽፈዋል። «አራቱን ወደ መጠባበቂያው ላስገባልዎት?» አልኳቸው። ቆም ብለው አሰቡ። «አስገባው» አሉና ወደ ሁለተኛው መስመር፣ ወደ ሞተር ዘይቱ፣ ወረዱ። እሱ ላይ ገና አልተስማማንም። እሳቸው ያረጁት መኪኖች ዘይት ይበላሉ ይላሉ፤ እኔ ካርዱን እያሳየሁ ነው። ሁለታችንም ወደ ግቢው ወጥተን መኪኖቹን አንድ በአንድ ለማየት ቀጠሮ ያዝን።